ዛፎቹ የሚነቁበት ሰዓት

ስልኩ የጠራው ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰላምታ በሚለዋወጥበት ሰዓት ነበር። ጥዑመልሳን ነጠላውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ ወደ ግንቡ ጥግ ሄደ።

«ያ ኡስታዝ፣ የት ነህ?» አለ ከወዲያ ነቂብ ጂብሪል በዐረብኛ። የፖሊስ ጣቢያው የምርመራ ሹም ነው። «ቶሎ ወደ አል-ማንሺያ ና። አንዲት ሐበሻ ሠራተኛ ጣራ ላይ ሞታ ተገኝታለች። በቤቱ የሚሠሩት ሁሉ የአንተው አገር ሰዎች ናቸው፤ መግባባት አቅቶናል።»

«የማን ቤት ነው?»

«የዶክተር ሀሰን። ዛፍ የሚያጠኑት ሽማግሌ።»

በዚያ ቤት ሁለት ኢትዮጵያውያት ይሠሩ ነበር። አንዷ ወጥ ቤቷ፣ የወሎዋ ረሺዳ ናት። ሌላዋ እፀገነት። አምጃድ የሚሏት ትንሿ ታክሲ ከከተማው መሐል ወጥቶ ወንዙ ዳር እስኪደርስ ድረስ ጥዑመልሳን «ረሺዳ ትሁን፣ ረሺዳ ትሁን» እያለ ሲጸልይ ራሱን ያዘው። ያቺም የሰው ልጅ ናት። አፈረ፤ ግን ጸሎቱን አላቋረጠም።

አልተሰማለትም።

እፀገነት ጣራው መሐል፣ በሦስት እግር በቆመ ነጭ መሣሪያ ሥር በጎኗ ተጋድማ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል። ዐይኖቿ አልተከደኑም። ጥዑመልሳን ተንበርክኮ ከደነላት፤ ነቂቡም ፊቷን ሲያማትብላት አየ።

«ታውቃታለህ?»

«የክርስትና ልጄ ናት።»

ጂብሪል ባርኔጣውን አወለቀ። «ሌላ አስተርጓሚ ላስጠራ። አንተ ወደ ቤትህ ሂድ።»

«ማንንም አትጥራ። ለእናቷ የምነግራት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ምን ብዬ ልንገራት?»

ጥዑመልሳን የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ድሮ ጎንደር ሳለ ለዐሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በመተማ በኩል ወጣ፤ ካርቱምም ሃያ ሦስት ዓመት አስቀመጠችው። ሳጃና ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል እየኖረ ለፖሊስ ጣቢያው ያስተረጉማል። ጂብሪል ግን ከቋንቋው ይልቅ ዐይኑን ይፈልገው ነበር፤ ሦስት የከበዱ ጉዳዮችን የፈታለት ይኸው ሽማግሌ ነው። እፀገነትን ጎንደር በጎረቤትነት ክርስትና ያነሣቻት ሟች ባለቤቱ ናት። አድጋ በስደት ስትመጣ መጀመሪያ ጀብራ ሰፈር በአንድ ቤት ተቀጥራ፣ አስሟ እየተነሣባት ሌት ተቀን ስታስል ቆየች። የዛሬ ሦስት ዓመት ከዚያ አውጥቶ ወደዚህ ቤት ያመጣት እሱ ነበር። የወንዝ ዳር አየር ለደረቷ ይሻላታል ብሎ።

«አስም ነው» አለ የፖሊስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «መንጋጋዋ መድረቅ ጀምሯል። አሁን ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ስምንት ተኩል ግድም ሞታለች። ማንም አልነካትም።»

ሱዳኖች ሰዓት የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። ጥዑመልሳን እንደ ልማዱ በልቡ ስድስት ቀነሰ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሞተች፤ አሁን አምስት ሰዓት ነው።

«እጇን አይተኸዋል?» አለ።

የሁለቱም እጆቿ ጎን፣ ከትንሿ ጣት በታች ያለው ሥጋ አብጧል። መዳፏ ላይ ቀይ የዝገት እድፍ አለ።

«ይሄን መሣሪያ ስትነካካ ይሆናል» አለ ሐኪሙ።

«መሣሪያው አሉሚኒየም ነው። አይዝግም።»

ጥዑመልሳን ዙሪያውን ቃኘ። በዚያ ጣራ ላይ የሚዝግ ነገር ቢኖር ወደ ደረጃው የሚያስገባው የብረት በር ብቻ ነበር። ሄዶ ዳሰሰው። መቀርቀሪያው ያለው በደረጃው በኩል፣ ከውስጥ ነው።

«ሻሿስ የት ነበር?»

ነቂቡ ስልኩን አውጥቶ ሲደርስ ያነሣውን ፎቶ አሳየው። የእፀገነት ሰማያዊ ሻሽ በመሣሪያው ጅራት ተጠምጥሞ፣ የፊቱን ቀጭን ቀዳዳ ግጥም አድርጎ ሸፍኖታል። ሻሹን ሐኪሙ ያነሣው አሁን፣ በአምስት ሰዓት ነበር። ጥዑመልሳን ኪሶቿን ራሱ ፈተሸ። እርሳስና መሐረብ አገኘ። ትንፋሿ ሲያጥራት የምትነፋው መድኃኒት አልነበረም።

መጀመሪያ የተጠየቀችው የዶክተሩ ልጅ ሁስና ናት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱንም አባቷንም የያዘች ሴት ነበረች። የተከናነበችውን ነጭ ቶቧን እስከ አፏ ስባለች። ዐይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ልቅሶው ደግሞ የውሸት አልነበረም።

«ጣራ ላይ ምን ትሠራ ነበር?» አላት ጥዑመልሳን።

«አባቴ የመስኪት ዛፍን የአበባ ብናኝ ነው የሚያጠኑት። ከወንዙ ማዶ ያሉትን አይተሃቸዋል። ጠዋት አየሩ ሲደርቅ አበባው ይፈነዳል፤ ብናኙ በነፋስ ተነሥቶ ከተማውን ያለብሳል። አስም ያለበትን ሰው የሚያሠቃየው እሱ ነው። አባቴ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅና ምን ያህል እንደሚርቅ የሚተነብይ ቀመር ለማውጣት ሠላሳ ዓመት ደክመዋል። መሣሪያው ከአየሩ ብናኝ ይይዛል። የአባቴ ዐይን ስለደከመ በማይክሮስኮፕ የምትቆጥረው እፀገነት ነበረች። ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር የማስገባው እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ?»

«እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ብናኙ የሚጣበቅበትን የመሣሪያውን ከበሮ ትቀይራለች። ስትወጣ አይቻታለሁ። በስምንት ሰዓት ከጤና ቢሮ እንግዶች መጡልን። ሕመምተኞች መስኮት የሚዘጉበትን የሰዓት ማስጠንቀቂያ ሊረከቡን ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይ ከሥራዋ ስትጠፋ ረሺዳን ‹ፈልጊያት› ብዬ ላክኋት።»

«በሩ ክፍት ነበር?»

«ክፍት ነበር ብላኛለች።» ሁስና እንባዋን ጠረገች። «የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። በቀመሩ መሠረት ብናኙ የሚለቀቀው ከዐሥር ተኩል በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ጣራው ለማንም ደኅና ነበር። ወላሂ፣ ደኅና ነበር።»

ዘበኛው ካሳሁን የግቢው በር ሥር ባለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጧል። ጥዑመልሳንን ሲያይ ተነሥቶ እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

«ጋሼ፣ እኔ ነግሬያቸው ነበር! ብረት ሲደበደብ ሰማሁ አልኳቸው፤ ሳቁብኝ።»

«ማን ሳቀብህ?»

«የፖሊሱ ጸሐፊ። ‹ሲቀጠቀጥ የሰማኸው ስንት ሰዓት ነው?› አለኝ። ‹ኢትኔን› አልኩት። ሁለት ማለት አይደል? ከትከት ብሎ ሳቀና ጽፎ አለፈኝ።»

ጥዑመልሳን የቃል መቀበያውን ወረቀት ከነቂቡ ተቀብሎ አነበበው። ‹ዘበኛው ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ድምፅ ሰማሁ ይላል። ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም› የሚል ነበር።

«አንተ ያልከው ከጠዋቱ ሁለት ነው፤ በኛ።»

«ታዲያ በማን ሊሆን ነው ጋሼ?» ካሳሁን ወደ ጣራው አንጋጠጠ። «የጎረቤት ግንበኞች መሰሉኝ። ብረት ነበር የሚመታው። መጀመሪያ በርታ ብሎ፣ ኋላ ላላ፣ ላላ እያለ ተወ። ግንበኛ ሲደክመው እንዲያ ነው ብዬ... እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ።»

«እንግዶቹ ሲሄዱ የት ነበርክ?»

«ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መኪናቸውን ሳጥብ ነበር፣ ሹፌራቸው አጠገቤ ቆሞ። አራት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሄዱ።»

ረሺዳን ወጥ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ግድግዳው ላይ የእፀገነት ሽርጥ ተንጠልጥሏል፤ የሚነፋው መድኃኒት ከሽርጡ ኪስ አንገቱን አውጥቶ ይታያል።

«ሁሌ ከጎኗ አይለይም ነበር አይደል?» አላት።

«ለረጅም ጊዜ ስትወጣ ትይዘዋለች ጋሼ። ለከበሮው ግን ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም። ዛፎቹ ሳይነቁ ወርዳ ሻይ ትጠጣለች። ‹ይነቃሉ› ነበር የምትለው፣ እንደ ሰው።»

«ዛሬ ሳትወርድ ስትቀርስ?»

«‹ራሷን አሟት ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት› አለችኝ ሁስና። እኔም ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

ጥዑመልሳን ከፊቷ ተቀመጠ። «ረሺዬ፣ ከጠዋቱ ጀምረሽ አንድ በአንድ ንገሪኝ። የማይረባ የሚመስልሽንም።»

«እንግዶቹ በሁለት ሰዓት ገቡ። ዶክተር አብረዋቸው ተቀመጡ። ሻይ ስቀዳ ሁስና ብድግ አለችና ሙከይፉን፣ ያን የአየር ማቀዝቀዣ፣ አስነሣችው። ‹ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ብርድ ነው እኮ› አሏት ዶክተር፤ እውነትም ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር። ‹ለእንግዶቹ ብዬ ነው› አለች። ያ ማሽን ሲነሣ ደግሞ የጎንህን ሰው አያሰማህም። ኋላ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለተኛውን ሻይ አመጣሁ። ሁስና ‹ወረቀት ላምጣ› ብላ ወጣች። ስትቆይ ሻይዋ በረደ፤ ደፍቼ ሌላ ቀዳሁላት። ተመልሳ ስትመጣ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመረችበት፤ አልጠጣችውም። ስለ እንግዶቹ ተጨንቃ ነው አልኩ።»

ከዚያ ተነሥታ ከፍራሽ ሥር አንድ ደብተር አመጣች። «ይሄ የሷ ነው። እኔ ማንበብ አልችልም። ለፖሊሶቹ አልሰጠሁም፤ ለአንተ ነው ያስቀመጥኩት።»

ደብተሩ በጥንቃቄ በተሠሩ ሰንጠረዦች ተሞልቷል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የብናኝ ብዛት። በየገጹ ግርጌ አንዳንድ መሥመር ጽፋለች። ጥዑመልሳን እዚያው ተቀምጦ የመጨረሻውን አነበበ።

‹ዛሬም በሁለት ሰዓት ነቁ። ደረቴ ከማይክሮስኮፑ ቀድሞ ያውቃል። የታተመው ማስጠንቀቂያ ግን አራት ሰዓት ተኩል ይላል። ልጆች በጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱት በስንት ሰዓት ነው? ብናገር ሰዓት አታውቂም ተባልኩ። ነገ እንግዶቹ ሳይሄዱ ለዶክተር በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።›

ደብተሩን ዘግቶ ደረቱ ላይ ያዘው።

ዶክተር ሀሰን በቤተ ሙከራቸው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዐይናቸው ላይ ነጭ ደመና የወረደባቸው ሽማግሌ ናቸው። ጥዑመልሳን ከጣራው ያወረደውን ከበሮ ፊታቸው ሲያስቀምጥ በጣታቸው አወቁት።

«ማን ይቆጥርልኝ?» አሉ። «ልጄ ነበረች እኮ። ‹አንድ፣ ሁለት› እያለች በአማርኛ ነበር የምትቆጥረው። ሰምቼ ለምጄው ነበር።»

«እኔ እቆጥራለሁ ዶክተር። እንዴት እንደሚነበብ ያስተምሩኝ።»

አስተማሩት። መሣሪያው ልክ እንደ ሰው አየር ይስባል፤ አየሩ በቀጭኗ ቀዳዳ ገብቶ ሙጫ በተቀባ ፕላስቲክ ላይ ብናኙን ይጥላል። ከበሮው በሰዓት ሁለት ሚሊ ሜትር ይዞራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰዓት በፕላስቲኩ ላይ የራሱ ቦታ አለው። ጅራቱ ቀዳዳውን ሁልጊዜ ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። መጀመሪያው ላይ እፀገነት በመርፌ የጫረችው ምልክት ነበር፤ ሰዓቱንም ከጎኑ ጽፋለች። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ።

ጥዑመልሳን ዐይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፋ።

«መጀመሪያው ንጹሕ ነው። አቧራ ብቻ።»

«ትክክል። ዛፉ ገና ተኝቷል።»

«አሁን ቢጫ ድንቡልቡል ነገሮች መጡ። ብዙ ናቸው። ልቆጥራቸው አልችልም።»

«የት ላይ?»

ማስመሪያውን አስጠግቶ ለካ። «ከምልክቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሰባት ዐሥረኛ ያህል። በእናንተ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

«አይሆንም። ዐሥር ተኩል ነው መሆን ያለበት። እንደገና ለካ።»

እንደገና ለካ። ሦስተኛም ለካ። ሽማግሌው ከበሮውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ጠዋት ከወንዙ የሚነሣውን ነፋስ አላሰብኩትም» አሉ። «ከፀሐይዋ እኩል ይነሣል፤ አበባውን ቀድሞ ያደርቀዋል። ሠላሳ ዓመት ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። ምነው አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ! ደስ ይለኝ ነበር እኮ።»

ጥዑመልሳን ፕላስቲኩን ገፋ አደረገው። ቢጫው እየወፈረ ሄደ። ከዚያ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፋ።

«በዘጠኝ ተኩል ላይ ድንገት ንጹሕ ሆነ ዶክተር። ከዚያ ደግሞ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እንደገና መጣ። ነፋሱ ቆሞ ነበር?»

«አልቆመም። እንግዶቹን ስሸኝ ጥምጥሜን ሊወስደው ነበር። ነፋስ እያለ ብናኙ ከጠፋ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀዳዳውን የደፈነው ነገር አለ።»

ይህን ሲናገሩ ገና አልገባቸውም ነበር። ጥዑመልሳን ግን ገብቶታል። ሽማግሌውንም ለረጅም ጊዜ ሲያያቸው ቆየ፤ እርሳቸው መታየታቸውን አላወቁም።

በማግሥቱ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ዶክተሩና ሁስና አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ረሺዳና ካሳሁን በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ነቂብ ጂብሪል ተቀመጡ ቢላቸውም አልተቀመጡም። ጥዑመልሳን እያንዳንዱን ነገር አንዴ በዐረብኛ፣ አንዴ በአማርኛ ተናገረ።

«እፀገነት የሞተችው በአስም ነው። ሐኪሙ ልክ ነው። ጥያቄው ለምን አልወረደችም የሚለው ነው። መድኃኒቷን ወጥ ቤት ትታ የወጣችው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልትመለስ ነው። እጇ አብጧል፤ መዳፏ ዝገት ይዟል። ካሳሁን በእኛ ሁለት፣ በእናንተ ስምንት ሰዓት ላይ ብረት ሲደበደብ ሰምቷል። ጸሐፊው ከሌሊቱ ሁለት ብሎ ስለጻፈው ሳይታይ ቀረ። ስለዚህ የጣራው በር ከውስጥ ተቀርቅሮባት ነበር። ሰው ይከፍትልኛል ብላ ጠብቃ፣ ብናኙ ሲመጣ በሩን እየደበደበች፣ እየተጣራች፣ በሩ ሥር ሞተች።»

«በሩ ሥር?» አሉ ዶክተሩ። «የተገኘችው መሣሪያው ሥር ነው ተብሎ አልነበረም?»

«በሥራዋ ላይ የሞተች እንድትመስል ወስደው ያስተኟት ነው። ሲጎትቷት የወለቀው ሻሿ በነፋስ ተጠምጥሞ ቀዳዳውን ደፍኖት ነበር። በስምንት ተኩል ላይ እዚያ ወድቃ ሞታ ቢሆን ኖሮ ፕላስቲኩ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ንጹሕ ይሆን ነበር። እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ግን ብናኝ ሞልቶታል። ሻሹ እዚያ የደረሰው እሷ ከሞተች ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ በዐሥራ አንድ ሲያነሣው ብናኙ እንደገና ገባ። ሬሳ ተነሥቶ አይሄድም።»

ሳሎኑ ውስጥ ሙከይፉ አልተነሣም ነበር። የሁሉም ትንፋሽ ይሰማል።

«በዘጠኝ ተኩል ካሳሁን ከእንግዶቹ ሹፌር ጋር መኪና ያጥባል። ዶክተር ከእንግዶቹ ጋር ነበሩ። ረሺዳ ሻይ ይዛ እዚሁ ነበረች። አንድ ሰው ብቻ ‹ወረቀት ላምጣ› ብላ ወጥታ ሻይዋ እስኪበርድ ድረስ ቆየች። በስምንት ሰዓት፣ በብርድ፣ ሙከይፉን ያስነሣችውም እሷ ናት። ‹ራሷን አሟት ተኝታለች› ያለችውም እሷ ናት።»

ዶክተር ሀሰን ቀስ ብለው እጃቸውን ከልጃቸው እጅ ላይ አነሡ።

«ሁስና?»

ሁስና ዐይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

«እኔ ልናገርላት» አለ ጥዑመልሳን፤ ድምፁ እንደ መጀመሪያው ጠንካራ አልነበረም። «ልትገድላት አልነበረም። እፀገነት ብናኙ የሚለቀቀው በሁለት ሰዓት ነው ብላ ትጽፋለች። ሁስና ይህን ስታይ ‹ሐበሾች ሰዓት ያምታታሉ፤ ይቺም አምታትታዋለች› ብላ ቁጥሩን ሁሉ የአባቷ ቀመር ወደሚለው ሰዓት አዛወረችው። እፀገነት ግን አላምታታችም። ሁለቱንም አቆጣጠር ታውቃለች። ለሁስና ነገረቻት፤ ‹ሰዓት አታውቂም› ተባለች። እሑድ ለዶክተር በእንግዶቹ ፊት ልትናገር ቆረጠች። ሁስናም ይህን ስታውቅ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ በሩን ቀረቀረችባት። ብናኙ ከዐሥር ተኩል በፊት አይመጣም ብላ ከልቧ አምና ነበር። ጣራው ደኅና ነው ብላ ምላልኛለች፤ የማለችው የምታምነውን ነው።»

ሁስና ፊቷን በቶቧ ሸፈነች። «የተናደደች መስሎኝ ነበር» አለች። «ስትደበድብ ሰምቻታለሁ። ተናዳ ነው አልኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የወጣሁት። በሩን ስከፍተው እግሬ ላይ ወደቀች። ያቦይ፣ አባቴ፣ እኔ የፈለግሁት... ዐይንህ ሳይጠፋ ቀመርህ ሲታወጅ እንድትሰማ ነበር። ትክክል ነህ ሲሉህ እንድትሰማ።»

«እኔ ትክክል ነህ ልባል አልጠየቅሁም» አሉ ሽማግሌው። «እሷን ብትጠይቂልኝ ይበቃ ነበር። አንዴ ብትጠይቂያት።»

ረሺዳ ድንገት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «ታማለች ብለሽኝ!» አለች በአማርኛ፤ ሁስና እንደማይገባት ረስታ። «አትቀስቅሻት ብለሽኝ! እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው፣ እንዳልረብሻት!»

ጂብሪል ጥዑመልሳንን አየው። የሚተረጎም ቃል ነበር። ጥዑመልሳን ግን ወደ ረሺዳ ሄዶ ትከሻዋን ያዘ። መተርጎምም አላስፈለገም። ሁስና ተነሥታ እጇን ለነቂቡ ዘረጋች።

እፀገነት ማክሰኞ ተቀበረች። ዶክተር ሀሰን በካሳሁን ክንድ ተደግፈው መጡ፤ ቄሱ ፈቅደውላቸው አፈር አለበሱ። በዚያው ቀን ለጤና ቢሮው ደብዳቤ አጽፈው ነበር። ቀመሩ ስሕተት መሆኑን፣ መስኮት መዘጋት ያለበት በሱዳን አቆጣጠር ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ መሆኑን፣ ይህንንም ያገኘችው እፀገነት የምትባል ኢትዮጵያዊት መሆኗን። ዐይናቸው ስለማያይ ያነበበላቸው ጥዑመልሳን ነበር። ስሟ ጋ ሲደርስ ደግመህ አንብበው አሉት።

ረቡዕ ጎንደር ደወለ። የእፀገነት እናት ወሰንየለሽ ልጇ መሞቷን ከጎረቤት ሰምታ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ሰንብታለች፤ እንዴት እንደሞተች ግን ገና አልሰማችም። ምንም ሳይደብቅ ነገራት። በሩን፣ ሻሹን፣ የሁስናን ቃል ሁሉ። ከወዲያ የለቀስተኛ ድምፅ ይሰማል፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አላቋረጠችውም።

ሲጨርስ ጠየቀችው።

«ያቺ ልጅ ታሰረች አልከኝ?»

«ታሰረች ወሰን።»

«እናት አላት?»

«እናቷ ሞታለች። ዐይኑ የጠፋ ሽማግሌ አባት ነው ያላት። ሌላ ልጅ የለውም።»

«እንግዲያ እሱም እንደኔ ቀረ በለኛ» አለች ወሰንየለሽ። «ቤቱ ሲጨልምበት ማን ያበራለታል? በሞቴ፣ አልፎ አልፎ ግባለት።»

ጥዑመልሳን እሺ ሊላት ፈለገ። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ በሳጃና መንገድ ዳር፣ ሰው ሁሉ እያለፈ እያየው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም ከወዲያ ስልኩን ሳትዘጋ እስኪወጣለት ጠበቀችው።